የቆሞሱ የመድኃኒት ሣጥን፦ የአባ ሰባስቲያን ክናይፕ ሕይወት

በደቡብ ጀርመን፣ ባቫርያ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ከጥንታዊው የኦቶቦይረን ገዳም ብዙም ሳትርቅ ሽቴፋንስሪድ የምትባል አነስተኛ መንደር ትገኛለች። አባ ሰባስቲያን ክናይፕ በዚህች መንደር ሜይ 17 ቀን 1821 ዓ.ም. ከድሀ ሸማኔ ቤተሰብ ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሽመናው ዕቃ የተተከለው በቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ነበርና፣ ብርሃን በማይገባበትና እርጥበት በማይለቀው በዚያ ስፍራ ገና በልጅነታቸው ተቀምጠው መሸመን ጀመሩ። በኋላ ዘመን ስለ ንጹሕ አየርና ስለ ፀሐይ ብርሃን አብዝተው ማስተማራቸው ከዚህ የልጅነት ትዝታ ጋር ሳይያያዝ አልቀረም።

ልባቸው ግን በሽመና ላይ አልነበረም፤ ካህን ለመሆን ይመኙ ነበር። ለትምህርት የሚከፈል ገንዘብ በቤታቸው ስላልነበረ ከሚሸምኑት ከሚያገኙት ጥቂት በጥቂት እያስቀመጡ 70 ጉልደን ያህል አጠራቀሙ። ሃያ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ግን ቤታቸው ተቃጠለ፤ ገንዘቡም አብሮ ጠፋ። ወጣቱ ሰባስቲያን ከዚያ በኋላ ከቤት ወጥተው የሚያስተምራቸው ካህን ፍለጋ ከደጅ ደጅ ዞሩ። ብዙዎች ዕድሜያቸው ለላቲን ትምህርት አልፏል ብለው መለሷቸው። በመጨረሻ በግሮነንባኅ የነበሩ ማቲያስ ሜርክለ የተባሉ ረዳት ካህን ተቀበሏቸውና ከመነሻው አስተማሯቸው። በ1844 ዓ.ም. ዲሊንገን በተባለችው ከተማ ከራሳቸው በብዙ ዓመት ከሚያንሱ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ተቀመጡ።

ከእኩዮቻቸው የዘገዩትን ለመድረስ ሌሊቱን ጭምር ሲያጠኑ ሰውነታቸው ተጎዳ፤ ሳል ያዛቸው፤ ደምም ይተፉ ጀመር። ሐኪሞች የሳንባ ነቀርሳ መሆኑን ተረዱ። በዚያን ጊዜ ለዚህ በሽታ መድኃኒት አልነበረም፤ በሽታውን የሚያመጣውን ተህዋስ ሮበርት ኮኽ ያገኙት በ1882 ዓ.ም. ነው፤ የሚያድኑት መድኃኒቶችም መገኘት የጀመሩት በ1940ዎቹ ነው። ታማሚው ተማሪ መጻሕፍት ሲያገላብጡ ዮሐን ሲግሙንድ ሃን የተባሉ ሐኪም ስለ ቀዝቃዛ ውሃ ኃይል ከመቶ ዓመት በፊት ያሳተሙትን መጽሐፍ አገኙ። በ1849 ዓ.ም. ክረምት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ዳኑብ ወንዝ እየሮጡ ሄደው ለጥቂት ቅጽበት ብቻ ከበረዶው ውሃ ገብተው ይወጡና ልብሳቸውን ለብሰው እየሮጡ ይመለሱ ነበር። ጤናቸው ተመለሰ። በሙኒክ ጆርጂያኑም በተባለው ዘርዐ ክህነት ሳሉም እንደ እርሳቸው የታመመ ጓደኛቸውን በሌሊት ከአትክልቱ ቦታ እያወጡ በውሃ ማጠጫ ባልዲ ውሃ ያፈስሱለት ነበር ይባላል። ኦገስት 6 ቀን 1852 ዓ.ም. በአውግስቡርግ ካቴድራል የክህነት ማዕረግ ተቀበሉ።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር ግድ ይላል። የሳንባ ነቀርሳ በአንዳንድ ሰው ላይ በራሱ ጊዜ የሚበርድ በሽታ ነውና፣ አባ ክናይፕን ያዳናቸው ውሃው ነው ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ዛሬ በአገራችን ጤና ጣቢያዎች ለነቀርሳ የሚሰጠው መድኃኒት ያድናል፤ ሳሉ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሰው ወንዝና ቅጠል ከመፈለግ ይልቅ አክታውን ማስመርመር አለበት። የእርሳቸውን ታሪክ ለምእመናን የምታነቡ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ሳትዘሉ እንድታነቡ አደራ እንላለን።

አዲሱ ካህን በረዳት ካህንነት በተመደቡባቸው ቁምስናዎች ኑዛዜ ለመስማትና ቅዱስ ቊርባን ለማቀበል ወደ ድውያን ቤት ሲሄዱ፣ አብዛኛው ሰው ሐኪም ለመጥራትም ሆነ መድኃኒት ለመግዛት አቅም እንደሌለው አዩ። የሚያውቁትንም ሊነፍጉት አልቻሉም። በ1853 ዓ.ም. አንድ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ያለ ፈቃድ ያክማሉ ብሎ ከሰሳቸውና 2 ጉልደን መቀጫ ከፈሉ። በተከተለው ዓመት ቦስ በተባለው ቁምስና የኮሌራ ወረርሽኝ ሲነሣ ግን ብዙዎች ሲሸሹ እርሳቸው ከድውያኑ ጋር ቀሩ። በእጃቸው 42 ሰዎች እንደ ዳኑ ይነገራል፤ ሕዝቡም ከኮሌራው ጋር አያይዞ ቅጽል ስም አወጣላቸው። ከሳሾቻቸውን በክፉ ልብ ብቻ የተነሣሡ አድርጎ መሣል ተገቢ አይመስለንም። ያልተማረ ሰው መድኃኒት ሰጥቶ ሰው እንዳይገድል የሚከለክል ሕግ መልካም ሕግ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሐኪም በሌለበትና ገንዘብ በሌለበት ቤት ሰው ሲያቃስት እየሰማ ካህን ዝም ብሎ ያልፍ ዘንድ አይቻለውም። አባ ክናይፕ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ዕድሜያቸውን ሙሉ ተጨንቀው ኖረዋል።

በ1855 ዓ.ም. ቨሪስሆፈን ወደ ተባለችው የገጠር መንደር፣ በዚያ ለነበሩት የዶሚኒካውያን ደናግል ተናዛዥ አባት ሆነው ተላኩ። ለብዙ ዓመታት ያህል ዝናቸው ከአካባቢው አልወጣም። የገዳሙን እርሻ አሻሻሉ፤ ልጃገረዶችን አስተማሩ፤ ንብ አረቡ፤ ስለ ንብ እርባታና ስለ ከብት አያያዝ ትንንሽ መጻሕፍት ጻፉ። በ1881 ዓ.ም. የዚያው ቁምስና ቆሞስ ሆኑ። በልብስ ማጠቢያው ቤት የሚያዩአቸው በሽተኞች ቁጥር እየበዛ ሲሄድ፣ ለእያንዳንዱ ከመናገር አንድ ጊዜ መጻፍ ይሻላል ብለው በ1886 ዓ.ም. በውሃ ስለሚደረገው ሕክምናቸው መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደጋግሞ ታተመ፤ ወደ ብዙ ቋንቋዎችም ተተረጎመ። ሦስት ክፍሎች አሉት፤ የመጀመሪያው ስለ ውሃ፣ የመጨረሻው ስለ በሽታዎች ሲሆን፣ መካከለኛው የቤት መድኃኒት ሣጥን የሚገለጥበት ክፍል ነው። ዓለም አባ ክናይፕን በውሃቸው ቢያውቃቸውም፣ ለእኛ አንባብያን ግን ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ መካከለኛው ክፍል ይመስለናል።

የአገራችን ሰው ያን ክፍል ቢያነብ ከእናቱ ጓዳ የገባ ያህል ይሰማዋል። አብሽ አለበት፤ የተፈጨውን አብሽ በውሃ አፍልተው እንደ ገንፎ ካጠበቁት በኋላ በእብጠት ላይ ያስሩት ነበር። ተልባም አለበት። የእንስላል ፍሬ ለሆድ መነፋት ይፈላል። እሬት ለሆድ ድርቀትና ለቁስል፣ የጥብስ ቅጠል የምንለው ሮዝመሪ ከወይን ጠጅ ጋር፣ ከአሪቲ ወገን የሆነው መራራ ቅጠል ለጨጓራ፣ ናና፣ የጥድ ፍሬ፣ ከጤና አዳም ወገን የሆነው ቅጠል ሁሉ በየስማቸው ተጽፈዋል። አባ ክናይፕ ከሩቅ አገር በውድ ዋጋ የሚመጣውን ነገር አያበዙም፤ ድሀው ከጓሮው ቆርጦ የሚያመጣውን ይመርጣሉ።

ከቅጠሉና ከሥሩ ጎን ለጎን በሣጥኑ ውስጥ ትንንሽ ጠርሙሶችም ነበሩ። ከጣፋጭ ለውዝ የተጨመቀው ለስላሳ ዘይት ለቆዳና ለብግነት ይውላል። ካምፎር በዘይት ተሟሙቶ የታመመ መገጣጠሚያ ይታሽበታል። የቅርንፉድ፣ የእንስላልና የላቬንደር ዘይት ደግሞ በስኳር ላይ ተንጠባጥቦ ጥቂት ጠብታ ብቻ ይወሰዳል። ዛሬ በከተማ መደብሮች መዓዛማ ዘይት እየተባሉ በውድ ዋጋ የሚሸጡት እነዚሁ የቆሞሱ ጠርሙሶች ናቸው ማለት ይቻላል።

በእነዚህ በሁለቱ የዘይት ዓይነቶች መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ግን እጅግ አስፈላጊ ነው። የለውዝ፣ የኑግ ወይም የወይራ ዘይት ከፍሬው ተጨምቆ የሚወጣ የምግብ ዘይት ነው፤ እጅን ቢያጥቡበት አይጎዳም። መዓዛማ ዘይት ግን ከዚህ የተለየ ነው። አበባው ወይም ቅጠሉ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ እንፋሎት ይሰደድበትና፣ እንፋሎቱ ሽታውን ይዞ ወጥቶ በቀዝቃዛ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ወደ ውሃነት ይመለሳል፤ ከዚያ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ነው ዘይቱ። አረቄ የምታወጣ ሴት ሥራውን ወዲያው ትረዳዋለች። ከ100 ኪሎ ላቬንደር የሚገኘው ከጥቂት ኪሎ አይበልጥም፤ ከጽጌረዳ ደግሞ አንድ ኪሎ ለማግኘት ከ3 ሺህ ኪሎ በላይ አበባ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንዲት ጠብታ የብዙ እፍኝ ቅጠል ኃይል አላት። ቅጠሉን አፍልቶ መጠጣት የማይጎዳው ሰው ዘይቱን ቢጠጣ ሊጎዳ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

አባ ክናይፕ በስኳር ላይ ያንጠባጠቡትን ዛሬ በቤት ውስጥ ማንም ሊከተላቸው አይገባም። የባሕር ዛፍና የካምፎር ዘይት ሕፃን ልጅ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል እንኳ ቢውጥ ሰውነቱ ሊንዘፈዘፍና ራሱን ሊስት እንደሚችል፣ ከዚያም የከፋ ሊደርስበት እንደሚችል የታወቀ ነው። ጠርሙሱ ከልጆች እጅ በራቀ ስፍራ፣ ከተቻለም ተቆልፎ መቀመጥ አለበት። ልጅ ከጠጣ ለማስታወክ ሳይሞክሩ ጠርሙሱን ይዞ ወዲያው ወደ ሕክምና መሮጥ ነው። የካምፎር፣ የባሕር ዛፍ ወይም የናና ሽታ ያለበትን ቅባት በሕፃን አፍንጫ አጠገብ መቀባትም ትንፋሹን ሊያውከው ይችላል።

በውጭ ለሚደረገው ነገር ግን የሣጥኑ ጥበብ ዛሬም አልሞተም። የቅርንፉድ ዘይት ዩጂኖል የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው የሚያምም ጥርስን ለጊዜው ያደነዝዛል፤ የጥርስ ሐኪሞችም ይህንኑ ንጥረ ነገር ይጠቀሙበታል። እናቶቻችን ቅርንፉዱን በጥርሳቸው ነክሰው ማደራቸው ያለ ምክንያት አልነበረም ማለት ነው። ሆኖም ሕመሙ ቢደነዝዝም የተቦረቦረው ጥርስ አይድንም። የላቬንደር ዘይት ለደረቀና ለሚያሳክክ ቆዳ ሲታሰብ፣ በ30 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት ውስጥ 6 ጠብታ፣ ቢበዛ እስከ 12 ጠብታ አዋሕዶ መቀባት ይበቃል፤ ይህም ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ መሆኑ ነው። አስቀድሞ በክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ ጥቂት ቀብቶ አንድ ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ከቀላ ወይም ካሳከከ መተው ነው። ወደ ገላ መታጠቢያ ውሃ እንዲሁ ማንጠባጠብም ስሕተት ነው፤ ዘይት ከውሃ ጋር ስለማይዋሐድ ከላይ ተንሳፍፎ እንዳለ ከቆዳ ጋር ይገናኛል። የሎሚና የመሰሎቹ ልጣጭ ዘይት የተቀባበት ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠል ይችላል። ጤና አዳምም እንዲሁ ነው፤ እርጥቡን ቅጠል በእጁ አሽቶ በፀሐይ የዋለ ሰው ቆዳው ውሃ ቋጥሮ ሲያብጥ ይታያል። ለቡና የምትገባው አንዲት ቀንበጥ ሌላ ነገር ናት፤ የተቀቀለውን ውሃ በብዛት መጠጣት ግን በተለይ ለነፍሰ ጡር ሴት አደገኛ ነው።

የጥድ ፍሬም ምሳሌ ይሆነናል። አባ ክናይፕ በቀን ከአራት ፍሬ ጀምሮ እየጨመሩ እስከ 15 ደርሶ ደግሞ እየቀነሱ የሚታኘክበትን ልማድ አስተምረዋል፤ እስከ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። ነገር ግን የእርሳቸው ጥድና በአገራችን ደጋ የሚበቅለው ጥድ በዘር ቢቀራረቡም አንድ ዛፍ አይደሉም። ኩላሊቱን ለሚያመው ሰው ደግሞ ያኛውም ቢሆን አይመከርም። የመጽሐፍ ቅጠል ስሙ ከጓሯችን ቅጠል ስም ጋር ስለ ተመሳሰለ ብቻ አንዱን በሌላው መተካት አይገባም።

በእርሳቸው ሣጥን ውስጥ ያልነበረ፣ እኛ ግን የለመድነው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። ዛፉ ወደ አገራችን የገባው አባ ክናይፕ በሕይወት ሳሉ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ጉንፋን ሲይዘን ቅጠሉን አፍልተን ተከናንበን እንታጠናለን፤ የታፈነ አፍንጫም ይከፍትልናል። ከቅጠሉ ይልቅ የሚያስፈራው የፈላው ድስት ነው። ልጅን ከነጋቢው በፈላ ውሃ ላይ ማጎንበስ ስንቱን እንዳቃጠለ በየጤና ጣቢያው የሚሠሩ እኅቶች ያውቃሉ።

ወደ ቆሞሱ ታሪክ እንመለስ። ከ1889 ዓ.ም. ጀምሮ ቨሪስሆፈን በእንግዳ ተጥለቀለቀች፤ በዚያ ዓመት ስለ አኗኗር የሚናገረው ሌላው መጽሐፋቸው ወጥቶ ነበር። መሳፍንትና ለማኞች በአንድ ሰልፍ ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ የኦስትሪያው አርክዱክ ዮሴፍም ከታካሚዎቹ አንዱ ነበሩ። በማለዳ ጤዛ ባለበት ሣር ላይ ባዶ እግራቸውን የሚራመዱትን ባለጸጎች የአገሩ ገበሬ እያየ ይገረም ነበር። ገጠሬው ካህን ግን ጠባያቸው አልተለወጠም፤ አነጋገራቸው ሻካራ፣ መልሳቸው አጭር ነበር፤ ሲጋር ማጨስም ይወዱ ነበር። ስለ ጤና ያስተማሩ ሰው ሁሉን ፈጽመው አልተገኙም ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስመሰግናቸው አካሄዳቸውን ለማረም አለመፍራታቸው ነው። በወጣትነታቸው ጠንካራ የነበረውን የውሃ አሰጣጥ ከልምድ እየተማሩ ደጋግመው አለዘቡት፤ ረጅሙን አሳጠሩት፤ ለደካማው ለብ ያለ ውሃ ፈቀዱ። በስተ መጨረሻም ሐኪሞች ከጎናቸው ተቀምጠው በሽተኛውን እንዲመረምሩ አደረጉ፤ በ1894 ዓ.ም. ዘዴያቸውን የሚከተሉ ሐኪሞች ማኅበር መሠረቱ። አንድ ጊዜ በመድኃኒት ቤት ባለቤት ተከስሰው የነበሩት ካህን፣ በ1891 ዓ.ም. የዕፅዋት መድኃኒቶቻቸውንና ዘይቶቻቸውን በስማቸው እንዲያዘጋጅ መብቱን የሰጡት ለቩርትስቡርጉ መድኃኒት ቀማሚ ለሌዎናርድ ኦበርሆይሰር ነበር። ልኩን የሚያውቅ ሰው በሚዛን እንዲያዘጋጀው መፈለጋቸው አስተዋይነታቸውን ያሳያል።

ከመጽሐፉና ከስጦታ የተገኘውን ገንዘብ ለራሳቸው አላስቀመጡም። በ1891 ዓ.ም. ሰባስቲያኔዩም የተባለውን ቤት አሠሩ፤ በዚያም የቅዱስ ዮሐንስ ዘእግዚአብሔር ወንድሞች አገለገሉ። በ1893 ዓ.ም. ለታመሙ ሕፃናት ቤት ተከፈተ፤ በ1896 ዓ.ም. ደግሞ ክናይፒያኑም የተባለው ሦስተኛው ቤት ተጨመረ፤ በእነዚህም የማለርስዶርፍ ደናግል ድውያንን አስታመሙ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 13ኛ በ1893 ዓ.ም. የሞንሲኞርነት ማዕረግ ሰጧቸው። በተከተለው ዓመት አባ ክናይፕ ወደ ሮም ሄደው ሰማንያ ዓመት ያለፋቸውን ር.ሊ.ጳ. ስለ ጤናቸው አማከሯቸው። ለመላው አውሮፓ ለማስተማር ያደረጉት ጉዞም አደከማቸው።

በ1897 ዓ.ም. በሆዳቸው ውስጥ ዕጢ ተገኘባቸው። ሐኪሞች ቀዶ ሕክምና ቢያቀርቡላቸውም አልተቀበሉም፤ ጁን 17 ቀን በ76 ዓመታቸው በቨሪስሆፈን ዐረፉ። እምቢታቸውን ያመሰገኑም የነቀፉም ነበሩ፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ቀዶ ሕክምና ራሱ ብዙዎችን ይገድል እንደ ነበር ማሰብ ይገባል፤ ዛሬ ግን ማንም እርሳቸውን ምክንያት አድርጎ ከሐኪም ቤት እንዳይቀር። ቤተ ክርስቲያን ቅድስናቸውን አላወጀችም፤ በመቃብራቸው ላይ ግን ትንሽ ጸሎት ቤት ተሠርታለች። መንደራቸው በ1920 ዓ.ም. የመታጠቢያ ከተማነት ማዕረግ ተሰጥቷት ባድ ቨሪስሆፈን ተባለች፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የጀርመን መንግሥት የክናይፕን ልማድ ከአገሪቱ ባህላዊ ቅርሶች ጋር መዘገበው። የቩርትስቡርጉ ሰው የጀመረው ድርጅትም የገላ መታጠቢያ ዘይቶቹን ዛሬም በቆሞሱ ስም ይሸጣል።